ጋሼ ያልለቀቁት ፋይል

ጸሐፊዋ በሆስፒታሉ ሦስት አለቃ ሸኝታለች። የተረኞችን ፕሮግራም የምትጽፈው እሷ ናት። ማታ ከሥራ ከመውጣቷ በፊት አትማ ግድግዳ ላይ ከለጠፈችው ወዲያ የነርሶቹ ኃላፊ ማትሮኗም ብትሆን አትነካውም።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ አንዲት ነርስ ከወንበሯ ጀርባ ቆማ ነበር። እናቷ በማግሥቱ ራቅ ባለ ከተማ ቀዶ ሕክምና ይገባሉ፤ ከእሷ በቀር ልጅ የላቸውም። ባልደረባዋ ልትተካት ተስማምታለች፣ ማትሮኗም ፈቅዳለች። የቀረው አንድ ስም አውጥቶ ሌላ ማስገባት ብቻ ነው።

ጸሐፊዋ ስሙን ቀይራ ሴቭ ስትለው ኮምፒውተሩ እምቢ አለ። ፋይሉ ለማንበብ ብቻ ነው አላት። ከላይ “ማረም ፍቀድ” የሚለው ቢጫ መስመር ካለ ብላ ፈለገች፤ የለም። “ለማንበብ ብቻ” የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት ካለ ብላ አየች፤ እሱም ባዶ ነው። የኮምፒውተር ባለሙያው በስልክ በሌላ ስም አስቀምጪው አላት። እሷ ግን አንድ ጊዜ ሁለት ፕሮግራም ወጥቶ አንዱ ክፍል ሁለት ነርስ ሲገባበት ሌላው ያለ ሰው ማደሩን አልረሳችም። እናም ዘግታ እንደገና ከፈተችው። ሲከፈት ብቅ የሚለውን፣ ሁልጊዜ ሳታነብ እሺ ብላ የምታልፈውን መልእክት አሁን አነበበችው። ፋይሉን ሌላ ሰው ይዞታል፤ የያዘው “ጋሼ” ነው ይላል።

“የትኛው ጋሼ?” አለች ነርሷ።

“አምና የቀበርናቸው።”

“ሞተውም ሥራ አልለቀቁም በይኛ፣ እትዬ።”

ጋሼ የመጀመሪያው አለቃዋ ነበሩ። ኮምፒውተር የነኩት ፀጉራቸው ከሸበተ በኋላ ነው። ማሽኑ ስም ሲጠይቅ አጠገባቸው የነበረችው እሷ ናት። ሙሉ ስምዎን ልጻፍ ብትላቸው፣ “በሙሉ ስሜ የሚጠራኝ ማን አለና? ጋሼ በይው” አሏት። ያ ማሽን ስማቸውን እንደያዘ አሁን የት እንዳለ ትዝ ሲላት ተነስታ ወደ ንብረት ክፍል ሄደች።

በዚያ ሆስፒታል ፕሮግራሙን ጠዋት ከፍቶ አለመዝጋት፣ ቦታዬን አትንኩ ብሎ ወንበር ላይ ኮት ጥሎ እንደመሄድ ነው። ንብረት ያዡም ከካርቶኖቹ መሃል ተቀምጦ፣ ፋይሉን ከፍቶ ቃሪያ በዳቦ ይበላል።

“ከዘጋሁትማ የሌሊት ተራ ታስገቢኛለሽ፣ እትዬ” አለ፣ ሳያፍር።

“ዝጋው። የሰው እናት ነገ ልትቀደድ ነው።”

ጉርሻውን ዋጠና ዘጋው። ተመልሳ ፋይሉን እንደገና ከፍታ፣ ስሙን ቀይራ ሴቭ ስትለው እሺ አለ። ወረቀቱን ነርሷ ራሷ ለጠፈችውና ለአውቶቡሱ ሮጠች።

ጸሐፊዋ ወደ ቤቷ ከመሄዷ በፊት ወደ ንብረት ክፍል ተመልሳ፣ በማሽኑ ላይ “ጋሼ” የሚለውን አጥፍታ “ንብረት ክፍል” ብላ ጻፈች። ነገ ሌላው እንዳይደናገር ብላ ነው። ፊደሎቹ ግን አንድ በአንድ ነበር የጠፉት፤ እጇ አልፈጠነላትም።

በሳምንቱ ነርሷ ተመልሳ እናቴ መቀመጥ ጀምራለች እያለች ስታጫውታት ፋይሉ እንደገና እምቢ አለ። ጸሐፊዋ መልእክቱን አነበበች፤ የያዘው ንብረት ክፍል ነው። ስልኩን አነሳች።

“ዝጋው” አለች።