ተቆልፎበት የሸመነው ጥለት

ቤታችን ጉለሌ ነው፤ ከሽሮ ሜዳ ገበያ ከፍ ብሎ፣ አቀበቱ ላይ። ሁለት ክፍል አለን። በአንደኛው እንተኛለን፤ በሌላኛው የሽመና ጉድጓድ አለ። ሸማኔ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጦ እግሮቹን ወደ ውስጥ አውርዶ ነው የሚሠራው። በእግሩ ድሩን ይከፍታል፣ በእጁ መወርወሪያውን ይልካል። ልጅ ሆኜ ታላቅ ወንድሜ ከወገቡ በታች የሌለው ይመስለኝ ነበር። ማታ ከጉድጓዱ ሲነሳ እግሮቹን ሳይ ይገርመኝ ነበር።

እኔ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለሁ፣ አንድ ክረምት ላይ ወንድሜ እንቅልፍ ተወ። መጀመሪያ ደስ አለን፤ ሥራው ፈጠነ። ቀጥሎ ንግግሩ ፈጠነ፤ አንዱን ሳይጨርስ ሌላውን ይጀምራል። የእንጦጦን ባሕር ዛፍ በሙሉ ነጠላ ሊያለብስ እንደሆነ ነገረን። አንድ ቀን እናቴ ለሽያጭ ያጠፈቻቸውን ነጠላዎች ተሸክሞ ወጣና፣ ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው ለሚወርዱ ሴቶች አደላቸው። አንዲቷ ብቻ «ልጄ፣ እናትህ ታውቃለች?» ብላ ነጠላውን መለሰችለት። እሱም አለቀሰባት።

አባቴ ያን ዕለት ወደ ሽመናው ክፍል አስገብቶ ቆለፈበት። «ሥራ ያበርደዋል» አለ። በየቀለሙ ክር አስገባለት። እናቴ ምግቡን በመስኮት ታቀብለዋለች። እኔ ግድግዳው ማዶ ለፈተና እያነበብኩ የሽመናውን ድምፅ እሰማለሁ፤ አያቋርጥም። ድምፁ ቢቆም እፈራለሁ፣ ባይቆምም እፈራለሁ።

ከቀናት በኋላ በሩ ሲከፈት ወንድሜ ጉድጓዱ አጠገብ መሬት ላይ ተኝቶ ነበር። ጨርቁ ግን ማንኛችንም አይተነው የማናውቅ ነበር። የጥለቱ አረንጓዴ ወደ ሰማያዊ ይሄዳል፤ የት ላይ እንደተለወጠ በዓይን አይያዝም። አባቴ በጣቱ እየዳሰሰ ሊቆጥረው ሞክሮ ተወው። ጎረቤታችን ሸማኔው መጥቶ አየና፣ «ይሄን የሚያሠራ ጋኔን ከሆነ እኔንም ይያዘኝ!» ብሎ አሳቀን። ሁላችንም ሳቅን፤ ወንድሜ ብቻ አልሳቀም። ከዚያ በኋላ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ብዙ ጊዜ ተኛ። እናቴ ጨርቁን ሸጠችው። ገበያው ግን አልረሳውም፤ «ያን ጥለት አምጪልን» የሚሉ ሴቶች ሽሮ ሜዳ ያለው ሱቋ ድረስ መምጣት ጀመሩ።

ወደ ሆስፒታል የሄድነው ሕመሙ ለሁለተኛ ጊዜ ሲነሳበት ነው። ሐኪሙ ባይፖላር ይባላል አለን። ስሜቱ ከልክ በላይ ይወጣል፣ ከዚያ ከልክ በታች ይወርዳል፤ የባሕርይ ጉድለት አይደለም፣ ሕመም ነው። እዚያው ጥናት ነበር። ሊቲየም የተባለውን መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎችን እየተከታተሉ እንቅልፋቸውን፣ ሥራቸውን፣ ኑሯቸውን ይጠይቃሉ፤ ደም ይመረምራሉ። የጥናቱ ነርስ ስምምነቱን አነበበችለት። «በፈለግህ ሰዓት ማቋረጥ ትችላለህ፤ ማንም አይከለክልህም» ስትለው ወንድሜ ሳቀ። «ሲስተር፣ እንደዚህ ብሎኝ የሚያውቅ ሰው የለም» አላት። ፈረመ። አስታማሚ ያስፈልገዋል ሲባል ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። እኔም እሺ አልኩ። እሺ ማለት ይቀናኛል።

ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ስገባ ጓደኞቼ ዶርም ያዙ፤ እኔ ከቤት እመላለሳለሁ። ስለ ሕመሙ ያገኘሁትን ሁሉ በቤተ መጻሕፍት አነባለሁ። ውሃና ጨው ማጉደል እንደሌለበት፣ መድኃኒቱ ድንገት ከተቋረጠ ሕመሙ ሊመለስ እንደሚችል አውቃለሁ። ማወቄ ግን ከክፍሉ አላወጣኝም። ትምህርት ከሌለኝ እሱ ጋ እቀመጣለሁ፤ ሲተኛ እንቅልፉን፣ ሲስቅ ሳቁን እቆጥራለሁ፤ በዝቶ ይሆን እላለሁ። አንድ ቀን «ሚጢዬ፣ ስስቅ አትቁጠሪኝ» አለኝ።

መድኃኒቱ ሠርቶለት ነበር። ይተኛል፣ ይበላል፣ ስለ ትምህርቴ ይጠይቀኛል። እጁ ግን መንቀጥቀጥ ጀመረ። ብርጭቆ ሲያነሳ ብዙም አይታይም። ጥለት ሲሠራ ነው የሚታየው፤ ጥለት የሚሠራው የድሩን ክር በጣት እየለዩ በማንሳት ነውና። አንዱን ሊያነሳ ሁለት ይነሳል። ይተወዋል፣ እንደገና ይሞክራል፣ ክሩ ይበጠሳል። በቀን አንድ ጣት የማይሞላ ጥለት ይሠራና ማታ ይፈታዋል።

ታኅሣሥ ሲገባ የጥምቀት ትዕዛዝ መጣ። ሴቶቹ ሁሉ የሚፈልጉት ያን ጥለት ነበር። አባቴ በቀጠሯችን ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ደጃፍ ላይ ጠራኝ።

«ነገ ስትሄዱ መድኃኒቱን ተቀበሉ። ግን እስከ ጥምቀት አይውጠው።»

«አባዬ፣ ድንገት ማቆም...»

«ለዘላለም ይተወው አላልኩም! እስከ ጥምቀት ነው ያልኩት። እጁን ይመልስልኝ። አንቺ የተማርሽው ነሽ፤ ‹እየወሰደ ነው› ብትያቸው ያምኑሻል።»

ዓይኑ ደክሟል፤ እሱ ራሱ ቀጭን ጥለት መሥራት አይችልም። ይህን ስለማውቅ በእሺታ ጭንቅላቴን ነቀነቅኩ። ስገባ ወንድሜ ጉድጓዱ ውስጥ እግሩን እንዳወረደ ቀና ብሎ አየኝ። ግድግዳው ስስ ነው፤ ሁሉንም ሰምቷል።

«እሺ አልሽው?»

ጎንበስ ብዬ የወዳደቀ ክር መልቀም ጀመርኩ። «አንቺ እኮ ለእኔም እሺ ነው የምትይኝ» አለ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ በሚኒባሱ የኋላ ወንበር ተጣበን ሄድን። ነርሷ የደም ናሙናውን ወሰደች፤ የተለመዱትን ጥያቄዎች ጠየቀችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«እስከሚቀጥለው ቀጠሮ መድኃኒቱን እንዳይወስድ የሚያደርገው ነገር አለ?»

አፌን ከፈትኩ። በዚህ በኩል አባቴ አለ፣ በዚያ በኩል ወንድሜ፤ ነርሷም ለሁላችን ደግ ሴት ናት። ለሦስቱም የሚሆን መልስ ፈለግኩ፤ አልነበረም።

«እጄ ነው፣ ሲስተር» አለ ወንድሜ። «ሸማኔ ነኝ። እጄ አልታዘዝ አለኝ። ቤት ውስጥ እስከ በዓል ተወው ብለውኛል።»

ሐኪሙ ተጠራ። ወንድሜ እጆቹን ዘረጋ፤ ጣቶቹ ነፋስ እንደነካው ቅጠል ተርገበገቡ። ሐኪሙ የደሙን ውጤት አይቶ መጠኑን ሊያስተካክል፣ መንቀጥቀጡን የሚቀንስ ሌላ መድኃኒትም ሊሞክር እንደሚችል ነገረው። «ይቀንስ ይሆናል። ጥለት ለሚሠራ እጅ ይበቃል ብዬ ግን ቃል አልገባልህም። በራስህ ድንገት አታቁም፤ መተው ካሰብክ መጀመሪያ እዚህ ና።»

ቤት ስንደርስ አባቴ ድሩን ወጥሮ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ክር አጠገቡ ደርድሮ ይጠብቀን ነበር።

«እህ፣ ምን አሏችሁ?»

ወንድሜ ጉድጓዱ ውስጥ አልገባም። መሬት ላይ ከአባቴ ፊት ለፊት ተቀመጠ።

«አባዬ፣ ያን ጥለት እንዴት እንደሠራሁት አላውቀውም።»

«እጅህ ያውቀዋል። እጅህ ይመለስ እንጂ...»

«እጄ ብቻውን አይመለስም። እንቅልፍ ማጣቱም፣ ነጠላ ማደሉም ይመለሳል። ያን ጥለት የሠራሁት ተቆልፎብኝ ነው። ደግሜ እንድሠራው ከፈለግክ ደግመህ ቆልፍብኝ።»

«እኔ የቆለፍኩት ልጄን ልጠብቅ ነው! መኪና እንዳይገጭህ ነው!»

«አውቃለሁ።»

«ሰው እንዳይስቅብህ ነው!»

«አውቃለሁ፣ አባዬ። ክሩን ለምን አስገባህልኝ?»

አባቴ የደረደረውን ክር ማስተካከል ጀመረ። እናቴ ከበሩ ላይ ቆማ ነበር፤ ወደ ውስጥም ወደ ውጭም አልተንቀሳቀሰችም። እኔ እንደ ልማዴ አንዳች የሚያስታርቅ ነገር ልናገር ፈለግኩ፤ ደግነቱ ምንም አልመጣልኝም። አባቴ ወደ ማንም ሳያይ፣ «ባዶ እጅህን እንዳትቀመጥ ብዬ ነበር» አለ። ከዚያ አረንጓዴውንና ሰማያዊውን ክር ሰብስቦ በፌስታል አስሮ አስቀመጠው።

በዚያ ሳምንት ወንድሜ መሐሉን፣ ነጩን ብቻ ሠራ። ለነጩ የሚንቀጠቀጥ እጅም ይበቃል። ጥለቱ ላይ ሲደርስ ቦታ ይለቃል፤ አባቴ መነጽሩን አድርጎ ይቀመጥና በወጣትነቱ የሚሠራውን ወፍራም ባለ አንድ ቀለም ጥለት ይጨምርበታል። ሥራው ቀስ ይላል። አባቴ አንዳንዴ ክር ሲበጠስበት ቀና ብሎ የወንድሜን እጅ ያያል፤ ምን እንደሚያስብ አይነግረንም። መድኃኒቱን ግን ዳግመኛ አላነሳብንም።

ጥምቀት ሲቃረብ ቅዳሜ እናቴን ላግዝ ገበያ ወረድኩ። አንዲት ሴት መጥታ የተደረደረውን ሁሉ ገለጠች።

«ለእህቴ የሸጥሽላትን ያን ጥለት ነው የምፈልገው። ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ብዬ እኮ ነው የመጣሁት።»

«የለም፣ እህቴ» አለች እናቴ።

«ሠሪው ከለቀቀሽ ያለበትን ንገሪኝ፣ ራሴ ላፈላልገው።»

«የትም አልሄደ። ልጄ ነው።»

«ታዲያ ምነው፣ ታመመብሽ እንዴ?»

እናቴ የታጠፈውን ነጠላ ደግማ አጠፈችው።

«አይ» አለች፤ «ተሽሎት ነው።»

ሴትዮዋ የቀለደችባት መስሏት ፊቷን አጨማደደች። እናቴ የአባቴን ወፍራም ጥለት አንስታ «ይቺን ግን እስቲ እይልኝ» አለቻት። ሴትዮዋ ወደሚቀጥለው ሱቅ አልፋ ነበር።