የጠገበች መኪና

ደብረ ብርሃን ከአንድ ጋራዥ ተቀምጫለሁ። መካኒኩ ከአባቴ አሮጌ መኪና ላይ የፈታው ካርቡሬተር፣ ነዳጅና አየር መቀላቀያው፣ ፊቴ ተቀምጦ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል።

«ጋሼ፣ ይኼን ይተዉትና ኢንጀክሽን ልግጠምልዎ» አለኝ። «ደጋም ቆላም ነዳጇን ራሷ ትመጥናለች።»

ሽታው ከደብረ ሲና በላይ ወዳለው ጣርማ በር መለሰኝ። ያኔ ተማሪ ነበርሁ። ዳገቱን ስንወጣ መኪናዋ ጥቁር ጭስ እየተፋች አቃሰተች። አባቴ ዳር አስይዘው ኮፈኗን ከፈቱ።

«ነዳጅ ርቧት ነው፣ አባባ?»

«ምን ይርባታል! ጠግባ ነው እንጂ። እዚህ አየሩ ስስ ነው፤ የቆላ ቀለቧን ደጋ ላይ ብትበላ ትታነቃለች። አንተም ከተማ ስትገባ እንዲህ እንዳትሆን።»

ነዳጁን የምትመጥን አንዲት ብሎን ጥቂት አጠበቁ። ሞተሩ እስኪበርድም በጉሙ ውስጥ ድንጋይ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። በወጣን ቁጥር እንዲሁ ነበር፤ ቤት ውስጥ ከትእዛዝ በቀር ብዙ የማይናገሩት አባቴ እዚያ ያጫውቱኝ ነበር።

ዛሬ እኔም አርጅቻለሁ። በዚያ ብርድ ወርጄ ብሎን ለማዞር ጉልበቴ አይታዘዘኝም፤ የመካኒኩ ምክር ትክክል ነው።

«ልግጠመው ታዲያ፣ ጋሼ?» አለኝ መካኒኩ።

«ጣርማ በር ላይ መቆምስ ይቀራል?» አልሁት።

«ጭራሽ አይቆሙም!» አለኝ፣ ደስ የሚለኝ መስሎት።