ማህተም ያረፈበት የቤት ሥራ

ያን ዓመት ዓለም ክፍላችን ግድግዳ ላይ ስትንቀጠቀጥ ነው የከረመችው። ከላይ ፒያሳ ዶዘሩ ቤት በነካ ቁጥር የፕሮጀክተሩ ምስል ይርገበገባል። ጃፓን ትወዛወዛለች፣ ብራዚልም ትከተላታለች። የአራተኛ ክፍል ልጆቼ መጀመሪያ ሰሞን ይስቁ ነበር። በኋላ ግን መንቀጥቀጡ ሲጀምር ሁሉም ዝም ማለት አመጡ። ያን ዝምታ አልወደድኩትም።

ዓለምን ለረጅም ዓመት ያስተማርኩት በተቀደደ ካርታና በማስመሪያ ነው። ስለዚህ ፕሮጀክተርና አንድ ታብሌት ሲሰጡን የምሆነውን አጣሁ። ከሳተላይት የተነሳችውን ምድር እያሽከረከርኩ ውሃ ላይ የተሠሩ ከተሞች፣ አሸዋ የዋጣቸው መንደሮች አሳየኋቸው። ልጆቹ ግን ዓይናቸው ሌላ ፈለገ።

"ቲቸር፣ የኛን ሰፈር አሳዪን!"

ከሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ተነስቼ እሪ በከንቱ ላይ ወረድኩ። የዛገ ቆርቆሮ ከዳር እስከ ዳር ተደራርቧል። አንዲት ልጅ ከፊት ወንበር ተነስታ ጣቷን ግድግዳው ላይ አሳረፈች። "ይሄ የአባባ ቤት ነው! ሰማያዊ ሸራ፣ ጎማ የተጫነበት!"

አባባ የምትላቸው ግድግዳ የሚጋሯቸውን ጎረቤት ነው። በልጅነታቸው ከወሎ የመጡ ልብስ ሰፊ ናቸው፣ የትምህርት ቤታችንን ዩኒፎርም ግማሹን የሰፉት እሳቸው ናቸው። ወላጆቿ ከሥራ እስኪመለሱ ልጅቷ የምትቆየው እሳቸው የስፌት መኪና አጠገብ ነበር።

የማይረባው ብልሃቴ የመጣልኝ ያኔ ነው። የደረስንበት ምዕራፍ ስለ ሕዝቦች ባህልና አኗኗር ነበር። አንድ ግቢ ውስጥ ከወሎ፣ ከጉራጌ፣ ከወለጋ የመጣ ሰው ሞልቶ፣ አያቱ የመናዊ የሆነ ልጅ እንኳ ክፍሌ ውስጥ ተቀምጦ፣ ምን መጽሐፍ ያስገልጠኛል? ልጆቹ ጎረቤቶቻቸውን ከየት እንደመጡ ጠይቀው ይመጣሉ፣ ቦታውን በታብሌቱ ፈልገን እናያለን። ከዚያ ካርታው ላይ በመጡበት አገር አንድ ስፒል፣ ከጎኑ በለጠፍኩት የሰፈሩ ምስል ላይ ደግሞ በቤታቸው ሌላ ስፒል ሰክተን ሁለቱን በክር እናገናኛለን። ስፒሉንም ክሩንም አባባ በልጅቷ እጅ ላኩልን።

የመጀመሪያው ቀን ልጆቹ ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። የሰፈሩ ሰው "ማን ላካችሁ?" እያለ በር ዘግቶባቸዋል። ተናደድኩ። ከላይ ያለው ሰፈር ከተነሳ ወዲህ ቀጣዩ ተረኛ እኛ ነን እየተባለ ይወራ ነበር፣ ጥያቄ ይዞ የሚመጣ ሁሉ ሰዉን ያስበረግገዋል። ይህን ማሰብ ነበረብኝ። እኔ ያሰብኩት ግን ማህተም የሌለው ወረቀት እዚህ አገር መች ይከበራል የሚለውን ነው። ደግሞ አንድ ነገር ከጀመርኩ ልክ የለኝም። ቅጽ አዘጋጀሁ፤ የቤት ቁጥር፣ የቤተሰብ ብዛት፣ ከየት እንደመጡ፣ ስንት ዓመት እንደኖሩ። የቤተሰብ ብዛት ምን ሊያደርግልኝ እንደነበር ዛሬም አላውቅም። ከግርጌው ፈረምኩና ጸሐፊዋን ለምኜ የትምህርት ቤቱን ክብ ማህተም በእያንዳንዱ ላይ አስመታሁ።

በማግስቱ ሁሉም ተሞልቶ መጣ። አምስት መሆኑን የማውቀው ቤተሰብ ዘጠኝ ሆኗል። አንዷ እናት የጋብቻ ወረቀቷን ኮፒ አያይዛለች። ልጅቷ ደግሞ በፌስታል የተጠቀለለ የቀበሌ ቤት ኪራይ ደብተር አቀበለችኝ። የአባባ ነው። ኮፒው ሳይሆን ዋናው፣ ጀርባው ሲላቀቅባቸው በክር የሰፉት።

"አደራ ብለዋል" አለችኝ።

እውነቱን ለመናገር፣ ነገሩ ያኔውኑ ገብቶኛል። ሰዎቹ ለምትክ ቤት የተመዘገቡ መስሏቸዋል። የዚያኑ ዕለት ወርጄ ማስረዳት ነበረብኝ። ግን የሚታረም የፈተና ወረቀት ተከምሯል፣ ቁልቁለቱን ሳስበው ደግሞ ጉልበቴ ያመኛል። ሰኞ እሄዳለሁ ብዬ ደብተሩን መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኩበት። ሰኞ ስብሰባ ተጠራ። ቀጥሎ የአጋማሽ ዓመቱ እረፍት መጣ።

ከእረፍት ስንመለስ የክፍሉ መስኮት በአቧራ ነጭ ሆኗል። ስም ስጠራ ሰባት ልጆች አቤት አላሉም። ዶዘሩ በጣም ቀርቦ ነበር፣ ስፒሎቹ ከግድግዳው እየለቀቁ አንድ በአንድ ይወድቃሉ። ልጅቷን ጠርቼ የምትክ ቤት መዝጋቢዎች መጥተው እንደሆነ ጠየቅኳት።

"መጥተው ነበር። እኛ ተመዝግበናል። አርብ እንሄዳለን።"

"አባባስ?"

"አባባማ ቀድመው ተመዝግበዋል እኮ፣ ቲቸር። አንቺ ጋ። ሰዎቹ ሲመጡ 'እኔ ጨርሻለሁ፣ ደብተሬም እነሱ ጋ ነው' አሏቸው። እኔም፣ አዎ፣ ተቆልፎበታል አልኩ።"

ፈገግ አለች። የመሰከረችላቸው እሷ ናት። ከዚያ ፊቴን አየችና ፈገግታዋ ጠፋ።

ልጆቹን ለጎረቤት ክፍል አስተማሪ ትቼ ደብተሩን ይዤ ወረድኩ። አባባ የስፌት መኪናቸውን በብርድ ልብስ ጠቅልለው በራቸው ላይ ተቀምጠዋል። ሲያዩኝ ሊነሱ ሞከሩ።

"ኧረ በፈጠረዎት፣ ይቀመጡ! አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ። ቅጹ የልጆች የቤት ሥራ ነበር።"

እንዲጮኹብኝ ፈልጌ ነበር። ደብተሩን ተቀብለው ገለጥ አደረጉት፣ መልሰው ዘጉት።

"ማህተም ነበረው እኮ፣ ልጄ" አሉኝ።

አብረን ወደ ወረዳው ጽሕፈት ቤት ሄድን። መስኮቱ ላይ የነበረው ወጣት በትዕግሥት ሰማን፣ ክፉ ሰው አልነበረም። ዝርዝሩ ተዘግቶ ወደ በላይ አካል ሄዷል፣ ማመልከቻ ጻፉና ይታያል አለን። እዚያው ቆሜ ጥፋቱ የኔ መሆኑን ጻፍኩ። ማመልከቻውን አገላብጦ አየና "ማህተም የለውም" አለኝ። ትምህርት ቤት ድረስ ተመልሼ አስመታሁ። መልስ ግን አልመጣም።

ሐሙስ የልጅቷ የመጨረሻ ቀን ነበር። አባባ በዚያ ሳምንት አንድ ዘመድ ቤት ተጠግተዋል፣ ለስፌት መኪናው ቦታ ስላልተገኘ ትምህርት ቤቱ ጥበቃ ቤት አስቀመጥንላቸው። ፕሮጀክተሩን ስከፍት ሰፈሩ እንደነበረ ግድግዳው ላይ መጣ። ምስሉ የቆየ ነው። ሰማያዊው ሸራም ጎማውም እዚያው አሉ። ማንም ልጅ ጣቱን አልዘረጋም።

ልጆቹ በራሳቸው ያመጡት ልማድ ነበራቸው። የሚሄደው ልጅ ከእሪ በከንቱ ላይ የቤቱን ስፒል ይነቅልና ከጎኑ በጨመርነው የከተማ ካርታ አዲሱ ሰፈሩ ላይ ይሰካል፣ ክሩም ይከተለዋል። ልጅቷም ወንበር ላይ ቆማ የነሱን ቤት ስፒል አዛወረች። ከዚያ የአባባን ነቀለች። የወሎው ጫፍ እንደተሰካ ነው፣ ሌላኛው እጇ ላይ ቀረ። ወለሉ እንደገና መንቀጥቀጥ ጀመረ።

"ቲቸር፣ አባባን የት ልሰካቸው?"

ሁሉም ዞረው አዩኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ካርታ ላይ ቦታ ጠፍቶኝ የማያውቅ ሰው ነኝ።

"ለጊዜው እጅሽ ላይ ይቆይ" አልኳት።

ስፒሉን በጣቶቿ እንደያዘች፣ ክሩ እንዳይበጠስ ተጠንቅቃ፣ እስኪደወል ድረስ ወንበሩ ላይ ቆማ ቀረች።