የአንጋጫው ሚኒባስና ዘንዶው
ሚሞሪ ካርድ ብርቅ በነበረበት ጊዜ፣ ከሆሳዕና አንጋጫ ለማስተማር እመላለስ ነበር። ያ መንገድ ዛሬም ይናፍቀኛል። የአጎቴ ልጅ ስልኬ ላይ የጫነልኝን የእንግሊዝኛ ትረካ በኢርፎን እየሰማሁ ነበር የምሄደው፤ ጌም ውስጥ ገብቶ መውጫ ስላጣ ፈሪ ጸሐፊ የሚያወራ አስቂኝ ታሪክ ነው።

አንድ ቀን ሚኒባስ ውስጥ ብቻዬን ስስቅ፣ አጠገቤ የተቀመጡ ጡረተኛ ድሬሰር "ልጄ፣ ደህና ነህ?" አሉኝ። አፍሬ አንዱን ኢርፎን ሰጠኋቸው። እንግሊዝኛው ስላልገባቸው እኔ በአማርኛ ስነግራቸው፣ እሳቸው ደግሞ ከኋላ ላሉት ገበያተኞች በከምባትኛ ያስተላልፉ ጀመር። መኪናው በሳቅ ተሞላ።

ጸሐፊው ጌሙ ውስጥ ካለ ዘንዶ ፊት ቆሞ ሲንቀጠቀጥ የስልኬ ባትሪ አለቀ። ሁሉም አፍ አፌን ያያሉ። ማቆም ስላቃተኝ ከራሴ ፈጥሬ ቀጠልኩ፤ ዘንዶውን ጥርስ ሕመም አስያዝኩት። ሰዉ ከበፊቱ ይበልጥ ሳቀ። ከምባትኛ ባልችልም ኮራሁ።

አንጋጫ ስንወርድ ሕሊናዬ ቆረቆረኝና "ጋሼ፣ መጨረሻውን እኔ ነኝ የፈጠርኩት" አልኳቸው።

"አውቃለሁ፤ ጆሮዬ ላይ ያለው ዝም ካለ ቆየ እኮ" አሉኝ ኢርፎኑን እየመለሱልኝ። "ያንተ ብዙም አላሳቀኝም። እኔም የራሴን ነው የነገርኳቸው።"