ማማው በግራ ነው፣ ማማው በቀኝ ነው

ጋሽ መቀስ የሚለውን ስም ያወጡለት ደንበኞቹ ናቸው። ሲያወራም ሲናደድም መቀሱን በአየር ላይ ቀጭ ቀጭ ማድረግ ልማዱ ነበር። የፀጉር ማስተካከያ ቤቱ ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ነበረች፤ ሁለት ወንበር፣ ግድግዳውን ያዳረሰ መስታወት፣ ከበሩ ጎን ሰፊ መስኮት። እዚያው ጎልምሶ እዚያው ሸበተ። በኋላ ጣቢያው ፈርሶ አዲስ ሕንፃ ሲቆም፣ መንገዱም ሲሰፋ፣ ቤቷም አብራ ሄደች።

ጡረታ አልተስማማውም። ባለቤቱን እግር በእግር እየተከተለ፣ "ሽንኩርቱን አወፈርሽው፣ መጋረጃው ዘመመ" እያለ ሲነዘንዛት ትዕግሥቷ አለቀና ሌላ ከተማ ለምትኖረው ልጃቸው ደወለች።

"አባትሽን የሚይዘው ነገር ፈልጊለት፤ አለበለዚያ ጥዬው አንቺ ጋ እመጣለሁ።"

ልጅቱ በኤሌክትሪክ የሚሄድ ትንሽ ባቡር ከነሐዲዱ ገዝታ ላከች። እናትየው መረቀቻት። ምን እንደመጣባት መች አወቀች!

ባቡር ካለ ጣቢያ ያስፈልገዋላ! ጋሽ መቀስ የፈረሰውን ጣቢያ በትንሹ ባቡር ልክ ሰማንያ ሰባት ጊዜ አሳንሶ ሊያቆመው ተነሳ። የምግብ ጠረጴዛው ተያዘ። ካርቶኑን በምላጭ ይቆርጣል፤ የብረት አጥሩን ከማበጠሪያ ጥርስ፣ የመጠበቂያ ወንበሮቹን ከክብሪት እንጨት ይሠራል። ባለቤቱ ማበጠሪያዋን ባነሳች ቁጥር አንድ ጥርስ ጎድሎ ታገኘዋለች። ምሳና እራት ጉልበት ላይ ሆነ። ሻይ ይዛ ስትመጣ ማስቀመጫ ፈልጋ ትዞራለች፤ "እዚያ አይደለም! ታክሲ ተራው ላይ እኮ ነው ያስቀመጥሽው!" ይላታል።

ይህን ሁሉ ቻለችው። ያልተቻለው የወንድሟ ነገር ነው። ታላቅ ወንድሟ የባቡር ነጂ ሆነው ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ እሷ ወንድም ጋሼ ስለምትላቸው ባሏም ወንድም ጋሼ ይላቸዋል። የጣቢያውን ፊት ጋሽ መቀስ ያውቀዋል፤ የውስጡን፣ ሐዲዱንና መሳፈሪያውን ግን አያውቅም። ስለዚህ እሳቸው እየመጡ እንዲነግሩት ጠየቃቸው። በገዛ እጁ ነው።

መጀመሪያ ነገሩ ሰላም ነበር። ወንድም ጋሼ መሳፈሪያ አንድን፣ መሳፈሪያ ሁለትን፣ መጸዳጃ ቤቱን፣ ፉርጎ የሚቆምበትን ሁሉ እያሳዩ እሱ ይለጥፋል። ከጣቢያው የሰዓት ማማ ሥር ተነስቶ ወደ መሳፈሪያ ሁለት የሚሻገረውን የእግረኛ ድልድይ ሊገጥም ሲል ግን ድልድዩ መሳፈሪያው ላይ አልወርድ አለ። ቢለካው ቢያስለካው፣ ደረጃው የሚያርፈው መጸዳጃ ቤቱ ጣሪያ ላይ ነው።

"ማማውን በቀኝ አቁመኸው እንዴት ሊገጥም ነው?" አሉ ወንድም ጋሼ። "ማማው በግራ ነው።"

"ወንድም ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ማማው በቀኝ ነው። ዕድሜ ልኬን ፊቴ ተገትሮ ነው የኖረው።"

"እኔ ዕድሜ ልኬን ከሥሩ ባቡር አስነስቻለሁ!"

"እርስዎ ከኋላ ነበሩ። ጣቢያውን ከኋላ ያየ ሰው ግራና ቀኙ ይምታታበታል።"

"ከቤቴ ስመጣ በኋላ በኩል ነው የምገባው? በመስኮት ነው የምገባው?"

ጋሽ መቀስ ደሙ ፈላ። ዓይኑን ጨፈነ፤ ጣቢያው ቁልጭ ብሎ ታየው። ማማው በቀኝ፣ ጋዜጣ ሻጩ በግራ። ዓይኔን ግንባር ያድርገው ብሎ ማለ። መጸዳጃ ቤቱን ነው ያሳሳቱኝ ብሎ ነቀለው፤ በማግሥቱ ወንድም ጋሼ መጥተው መልሰው አስለጠፉት። ድልድዩን አሳጠረው፤ ከሐዲዱ መሐል ወረደ። አስረዘመው፤ ከጠረጴዛው ወጣ። በመጨረሻ በእልህ እዚያው የመጸዳጃ ቤቱ ጣሪያ ላይ እግሩን ተክሎ በሙጫ አጣበቀው።

"መንገደኛው ባቡር ሲያመልጠው እዚያው ይጨርሳል" አለች ባለቤቱ።

ማንም አልሳቀም።

ልጅቱ ነገሩን በስልክ ሰምታ ከአንድ ወዳጇ ያገኘችውን የአሮጌውን ጣቢያ ፎቶ ላከች። ማማው በግራ ነው። ወንድም ጋሼ ስልኩን እንደ ዋንጫ ከፍ አደረጉት።

"ፎቶው ተገልብጧል" አለ ጋሽ መቀስ።

"ምን?"

"ስልክ ይገለብጣል። ልጄ ራሷን ስታነሳ ደረቷ ላይ ያለው ጽሑፍ ተገልብጦ ነው የሚወጣው። ለዛሬ ልጆች ግራም ቀኝም አንድ ነው።"

"ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም" አሉና ወንድም ጋሼ ኮታቸውን አንስተው ወጡ። ድርሽ ሳይሉ ሰነበቱ። ቤቱ ጭር አለ። ጋሽ መቀስ ባቡሩን ብቻውን ያዞራል፤ ባቡሩም መታጠፊያው ላይ ደርሶ ይወድቃል፤ ያነሳዋል፣ ይወድቃል። ደስታ የሚባል ነገር አላገኘበትም።

የወንድም ጋሼ የልጅ ልጅ ምረቃ ሲደርስ ባለቤቱ አላስቀመጠችውም። "ሰውዬው ጎፈሬያቸው ጆሯቸውን አልፏል። ከአንተ ሌላ እጅ አስነክተው አያውቁም። ዛሬ ይመጣሉ፣ ትቆርጣቸዋለህ፣ ስለ ማማ አንድ ቃል አትተነፍስም።"

መጡ። ሰላምታውም ከአንገት በላይ ነበር። ጋሽ መቀስ ከድሮ ቤቱ ያመጣውን ትልቁን መስታወት፣ በብርድ ልብስ እንደተጠቀለለ ከተቀመጠበት ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ጎትቶ ሳሎን አመጣና ሶፋው ላይ አስደገፈው። ወንበር ከፊቱ አስቀመጠ፣ ወንድም ጋሼን አስቀመጠ፣ ነጠላ ጨርቅ አንገታቸው ላይ አሰረ። ጠረጴዛው ከጀርባቸው ነው። መቀሱ ሥራ ጀመረ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ትከሻው ላላ አለ።

የቀኙን ጎን ጨርሶ ወደ ግራው ሊዞር ሲል ወንድም ጋሼ ከወንበሩ ብድግ ሊሉ ምንም አልቀራቸው።

"ይኸው! ይኸው ጣቢያው! መቼ አስተካከልከው?"

"ምኑን?"

"ማማውን ነዋ! በግራ አድርገኸዋል!" ጣታቸው ወደ መስታወቱ ነበር።

ጋሽ መቀስ ቀና አለ። መስታወቱ ውስጥ፣ ከራሱ ትከሻ በላይ፣ ማማው በግራ ቆሟል። ጋዜጣ ሻጩ በቀኝ ነው። ዞሮ ጠረጴዛውን አየ፤ ማማው በቀኝ። መልሶ መስታወቱን አየ። መቀሱ ቀጭ ማለቱን አቆመ።

ያን ሁሉ ዓመት ጣቢያውን ያየው እንዲህ ቆሞ ነበር፤ ጀርባውን ለመስኮቱ፣ ፊቱን ለመስታወቱ ሰጥቶ። ጠዋት በጓሮ በር ይገባል፣ ማታ በጓሮ በር ይወጣል። አንዳንዴ ደጅ ቢወጣም ዓይኑ ደንበኛ እንጂ ሕንፃ አይፈልግም። የማማውን ሰዓት እንኳን ገልብጦ ማንበብ ስለለመደ ስህተት መስሎት አያውቅም።

"ምነው?" አሉ ወንድም ጋሼ።

"ምንም" አለና መቀሱን አስቀምጦ መኝታ ቤት ገባ። በሩን ዘጋ።

ባለቤቱ ከኩሽና ስትመጣ ወንድሟ ግማሽ ፀጉራቸው ተቆርጦ፣ ግማሹ እንደጎፈረ፣ መስታወቱንና ጠረጴዛውን እያፈራረቁ ያያሉ። ነገሩ ለእሳቸውም ገብቷቸዋል፤ ለእህታቸውም በጣት አሳዩአት። ወንድምና እህት አፋቸውን በእጃቸው ይዘው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ጋሽ መቀስ ይሰማል። ሲወጣ ፊቱ ጠቁሯል።

"ቁጭ ይበሉ፣ ልጨርስልዎ።"

ጨረሰላቸው። ባለቤቱ ልታጽናናው ብላ፣ "መስታወቱን ከጠረጴዛው ጀርባ ብናቆመውስ? በመስታወት ስናየው ልክ ይመጣል" አለችው።

"አንቺ ሴትዮ! የገዛ ጣቢያዬን እየተሽኮረመምኩ በመስታወት ልየው?"

እልህ ምላጭ ያስውጣል ይባላል። በማግሥቱ ማለዳ ምላጩን ይዞ ማማውን ከሥሩ ቆረጠ። ጋዜጣ ሻጩን፣ ታክሲ ተራውን፣ የማበጠሪያ ጥርሱን አጥር፣ ሁሉንም ነቃቀለ። ገሚሱ ሲነቀል ተሰበረ። የሰበረውን እየወረወረ ግራውን ወደ ቀኝ፣ ቀኙን ወደ ግራ አዛወረ። ወንድም ጋሼ ሳይጠሩ መጥተው እጀታቸውን ሰበሰቡ።

"ማማውን ይያዙልኝ፤ ሙጫው እስኪደርቅ እንዳይነቃነቅ።"

"ይዤዋለሁ። እኔ እኮ ያኔም ነግሬህ..."

"ወንድም ጋሼ!"

"ዝም ብያለሁ።"

ድልድዩ በዚያው ቀን ገባ። ከማማው ሥር ተነስቶ መሳፈሪያ ሁለት ላይ እንደ ቁልፍ ጥርቅም ብሎ ተቀመጠ። ወንድም ጋሼ አጨበጨቡ፣ እህታቸውን ጠሩ። እሷም ሻዩን ይዛ መጥታ፣ "አቤት ሲያምር!" አለች፤ ከልቧ ነበር።

ጋሽ መቀስ ግን ድልድዩን አላየም። አጎንብሶ የመጸዳጃ ቤቱን ጣሪያ እያየ ነው። የድልድዩ እግር የተነቀለበት ቦታ ሁለት ትልልቅ ቀዳዳ ሆኗል።

"ይኼው ደግሞ" አለ፣ ወገቡን ይዞ። "አሁን ይኼን ጣሪያ ማን ነው የሚደፍንልኝ?"