ሸርጣን የሌለበት ሸርጣን

ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ሺሺንዳ

ወደ ቦንጋ ስንነሳ መኪናው ውስጥ የነበርነው እነዚህ ነን፦ እኔ ሙሉነሽ፣ ጎረቤቴ እትዬ ዘነበች፣ ሾፌሩ ጋሽ ወንድሙ፣ ስማቸውን ያልጠየቅኳቸው ሁለት አስተማሪዎች፣ ኮረሪማ በጆንያ የያዙ አንድ አዛውንት። ከሰው ባይቆጠርም አንድ ባዶ ላስቲክ በደረቴ ሸጉጫለሁ።

ላስቲኩ ቤሩት ሰው ቤት የምትሠራው ትልቋ ልጄ ትርሲት ፎቶግራፏን ጠቅልላ በሰው የላከችበት ነው። የምግብ መያዣ ነበር፤ ቀይ ሸርጣን ተስሎበታል። በዚያው ሰሞን ደውላ «እማዬ፣ ስለ ምግብ አታስቢ። ጠዋትም ማታም፣ በጾምም ቢሆን፣ በዚያ ላስቲክ ታሽጎ የሚሸጠውን ነው የምበላው፤ መቀቀል እንኳ አያስፈልገውም» አለችኝ። ፎቶው ላይ ግን ጉንጯ ገብቷል። ከዚያ ወዲህ ሁለት ወር ሆነ፣ ድምጿን አልሰማሁም። ላስቲኩ ላይ በፈረንጅ ቋንቋ የተጻፈውን አንብቦ ምግቡ ለጤና ይሆን እንደሆነ የሚነግረኝ ሰው ፍለጋ ነው የምሄደው።

ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ዉሽዉሽ

ሲዘንብ አድሮ መንገዱ ጭቃ ነው። የሻይ ተክሉ ግራና ቀኝ እንደ ተከረከመ ፀጉር ተኝቷል። ለቃሚዎቹ ቅርጫታቸውን በጀርባቸው አዝለው ገብተዋል። እትዬ ዘነበች ከሺሺንዳ ጀምራ ስትብሰለሰል ቆይታ እዚህ ስንደርስ አልቻለችም።

«ሸርጣን! ያን ከወንዝ ድንጋይ ሥር የሚሳበውን? መጽሐፉ ክንፍና ቅርፊት የሌለውን አትብሉ ያለውን? ክርስቲያን ይበላዋል?»

«ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል።»

ሰው ሰምቷል። ጋሽ ወንድሙ በመስታወቱ አየኝና «እኔን ልጅ ሆኜ ጣቴን ቆንጥጦኛል። ያንቺ ልጅ ቀድማ ከበላችው ጎበዝ ናት!» አለ። መኪናው በሙሉ ሳቀ። እኔም ፈገግ አልኩ፤ እጄ ግን ላስቲኩን እንደያዘ ነው።

ሦስት ሰዓት ተኩል፣ ቦንጋ

ጤና ጣቢያው ዳገት ላይ ነው። ሲስተር አስቴር ድሮ ሺሺንዳ ስትሠራ ትርሲትን ያዋለደችኝ ናት። አሁን እናቶችን ስለ ልጆች አመጋገብ ታስተምራለች። ላስቲኩን ወደ መስኮቱ ይዛ ሄደች፣ መነጽሯን ከፍ ዝቅ አደረገች፣ ከዚያ ሳቀች።

«ሙሉ፣ ሸርጣን የለበትም እኮ!»

«ሥዕሉስ?»

«ሥዕሉ ነው ያለው። የተፈጨ ዓሣ ነው፤ እንደ ሸርጣን ሥጋ አስመስለው፣ ላዩን ቀይ ቀለም ቀብተው እንደ ጣት ይቆርጡታል። እዚህ የሚጻፈው በብዛቱ ቅደም ተከተል ነው። ዓሣ፣ ውኃ፣ ስታርች የሚሉት ዱቄት፣ የእንቁላል ነጭ፣ ስኳር፣ ጨው።»

እትዬ ዘነበች ስለ ሸርጣኑ «ተመስገን» ካለች በኋላ ደነገጠች። «የእንቁላል ነጭ? ትርሲት በጾምም እበላዋለሁ ብላለች አላልሽም?»

«እኔ ነርስ ነኝ፣ ቄስ አይደለሁም» አለች ሲስተር።

እኔ የጠየቅኩት ሌላ ነው። «ይህን ብቻ እየበላች ትኖራለች ወይ?»

ሲስተር መነጽሯን አወለቀች። «አንቺ ትርሲትን በቆጮ ብቻ ነው ያሳደግሻት?»

«ኧረ! ጎመኑስ? ባቄላው? ወተቱ?»

«ይህም እንደዚያው ነው። መርዝ አይደለም። ትንሽ ገንቢ ምግብ አለው፣ ግን ከደህና ዓሣ ያንሳል። ስታርቹ ሆድ ይሞላል፣ ጨውና ስኳሩ ይበዛል። አልፎ አልፎ ከሰላጣ ጋር፣ ከሩዝ ጋር ብትበላው ጥሩ። ጠዋትና ማታ እሱን ብቻ ከሆነ ግን ሰውነቷ ይጎዳል። ምስር ትብላ፣ አትክልት፣ ፍራፍሬ።»

«የምትበላውን የምትመርጠው እሷ ናት?» አልኳት።

ሲስተር አስቴር ላስቲኩን በአራት አጥፋ እጄ ላይ አስቀመጠችው።

ስምንት ሰዓት፣ ቦንጋ ስልክ ቤት

ሦስት ጊዜ ደወልኩ፤ አይነሳም። እትዬ ዘነበች ከኋላዬ ቆማ ትከሻዬን ያዘችኝ። እንቁላሉን ዳግመኛ አላነሳችም።

አሥራ አንድ ሰዓት፣ ሺሺንዳ

ተመልሰናል። ጋሽ ወንድሙ ስወርድ «ሸርጣኑ ምን ሆነ?» አለኝ። «ዓሣ ነው» አልኩት። «እኔም ጠርጥሬ ነበር» ብሎ ሳቀ።

መንገዱን ሙሉ ያሰብኩት ስለዚያ የእንቁላል ነጭ ነው። ትርሲት አታውቅም። ብታውቅ ያንንም ትተወዋለች፤ ከተወችው ምን ልትበላ ነው? ስለዚህ እኔ አልነግራትም። ጾሙን እኔ እጾምላታለሁ።

ቤሩት ዘመድ ያላችሁ፣ ከዚያም የተመለሳችሁ አንባቢዎች፣ ትርሲት የምትባል የሺሺንዳ ልጅ፣ ጠይም፣ ግራ ቅንድቧ ላይ ትንሽ ጠባሳ ያላት አይታችሁ ከሆነ ለዚህ ጋዜጣ ጻፉልኝ። ደህና መሆኗን፣ ምን እንደምትበላም ንገሩኝ።