አራት ቸርኬና እርጥብ ክር

መኪናችን ግቢያችን ውስጥ ድንጋይ ላይ ቆማ ሁለት ክረምት አለፋት። አሮጌ ፒክአፕ ናት። ባለቤቴ ከላሊበላ ጋሸና፣ ከጋሸና ኩልመስክ እህልና ሰው ሲያመላልስባት ኖሮ በጉበት በሽታ አልጋው ላይ ሞተ። ከእሱ በኋላ ልጃችን ያዛት። ከዚያ ጎማው የሚገባበት ብረት፣ ቸርኬ የሚሉት፣ ሁለቱ ተሰነጠቁ። ሁለቱ ደግሞ በብየዳ ላይ ብየዳ ተደርቦባቸው የቀድሞው ብረት የቱ እንደሆነ አይለይም ነበር። ልጄ አራቱንም ፈቶ መኪናዋን አራት ድንጋይ ላይ አሳረፋት።

"ለአንድ ሳምንት ነው፣ እማ" አለኝ።

እውነቱን ልጻፍ። እኔ እነዚያን ድንጋዮች ወደድኳቸው። መንገዱ ዛሬ ተከፈተ ሲባል ነገ ይዘጋል። ገበያ ስወጣ የምሰማው የትኛው ሹፌር የት እንደቀረ ነው። መኪናዋ ድንጋይ ላይ እስካለች ድረስ ልጄ ከዐይኔ አይርቅም፤ እኔም ስልክ በጠራ ቁጥር ልቤ አይወድቅም።

እሱ ግን ሃያ አራት ዓመቱ ነው። ጠዋት ተነስቶ ከቆመችው መኪና ውስጥ ይገባና መሪውን ይዞ ይቀመጣል። ዶሮዎቹ ከሥሯ አፈር ይታጠባሉ፣ እሱ ከላይ ዝም ብሎ አጥሩን ያያል። እኔ በሩ ላይ ሆኜ እሱን አያለሁ። እንዲህ ነበር የምንውለው። እንግዳ ከጠፋ ወዲህ አስጎብኚ የነበሩት ጓደኞቹም ሥራ ፈትተዋል። ሁለቱ ወደ ዓረብ አገር ብለው በእግራቸው ወደ ባሕሩ ወረዱ። የአንደኛው ድምፅ እስካሁን አልተሰማም። እናቱን መንገድ ላይ ሳያት ምን እንደምላት ስለማላውቅ መንገድ እቀይራለሁ።

አንድ ቀን ልጄ ጋሸና ያለ ጎማ ጠጋኝ ከፋብሪካ እንደወጣ ያለ ቸርኬ እንዳለው ሰማ።

"አንቺ ካላየሽው አልገዛም፣ እማ" አለኝ።

ቤታችን ልማዱ ነው። እኔ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ብቻ ነው፤ ጥፍሬ ያልነካው ዕቃ ግን ቤቴ አይገባም። ድስትም ይሁን በር፣ ጥፍሬን ዙሪያውን ሳላስኬድ አልገዛም። ባለቤቴ፣ "ይቺ ሴት ገነት ብትገባ እንኳ መቃኑን ሳትፈትሽ አታልፍም" እያለ ሰው ሁሉ ያስቅብኝ ነበር።

ለመለኪያ እንዲሆነን አንዱን አሮጌ ቸርኬ ተሸክመን መናኸሪያ ወጣን። የሚኒባሱ ረዳት እጁን ዘረጋና፣ "እናቴ፣ እኔ የምጭነው ሰው ነው፤ ብረት አይደለም" አለን።

"ተዪው፤ ባለ ስድስት ቀዳዳ ሁሉ አንድ ነው" አለ ልጄ።

አንድ እንዳልሆነ አውቃለሁ። አባቱ አንዴ ባለ ስድስት ቀዳዳ ገዝቶ፣ ብሎኑ አልገባ ብሎ መልሶታል። መንገድ ላይ የምፈትልበት እንዝርት በእጄ ስለነበር ክር ሳብኩና ከአንዱ ቀዳዳ ጠርዝ እስከ ትይዩው ቀዳዳ ጠርዝ ለካሁ። ልኩ ላይ ቋጠርኩና ክሩን የእጄ አንጓ ላይ ጠመጠምኩት። ቸርኬውን ሻይ ለምታፈላ ሴት አደራ ሰጠን።

ጋሸና ከሚኒባሱ ስንወርድ ዝናቡ ይዘንባል። ከጎማ ጠጋኙ ቤት እስክንደርስ ነጠላዬም እጅጌዬም ራሰ። ሰውዬው ጠና ያሉ፣ እጃቸው በግራሶ የጠቆረ ሰው ናቸው።

"ሦስት ዓይነት አለኝ፣ እታለም" አሉኝ። "ቅቤ አይደል፣ በማሽተት አይገዛም፤ እንደልብሽ ፈትሺው።"

የመጀመሪያው ጥቁር ቀለም አዲስ ተቀብቷል። በጥፍሬ ሳስኬደው ከቀለሙ ሥር እንደ ጠባሳ ያበጠ መስመር አገኘሁ።

"ይኸ የተበየደ ነው።"

"እኔ አይደለሁም የኳልኩት! ሲመጣም ተኳኩሎ ነው" ብለው ሳቁ።

ሁለተኛው የአሉሚኒየም ነው። ያበራል። የልጄ ዐይን ከገባን ጀምሮ እሱ ላይ ነው።

"እማ፣ ፊትሽን እኮ ታይበታለሽ።"

"ለፊቴማ ቤት መስታወት አለኝ።"

የውስጡን ከንፈር ዙሪያውን ዳሰስኩት። አንድ ቦታ ላይ ጥፍሬ ያዘ። በነጠላዬ ጫፍ ብጠርገው እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ታየ። ሰውዬው የስልካቸውን መብራት አብርተው አጎንብሰው አዩት፤ ከዚያ አንስተው ወደ ጓዳ ወሰዱት።

ሦስተኛው ተራ ብረት ነው፤ አራት ናቸው። ቀለሙ ደብዝዟል፣ ጠርዙ ትንሽ ዝጓል። "እንደናንተዋ ያለች መኪና ስትፈታ ያገኘሁት ነው፤ ብየዳ አልነካውም" አሉ። አንዱን ሲሚንቶው ላይ ሲያንከባልሉት ሳይዋልል ቀጥ ብሎ ሄደ። ጥፍሬም አራቱንም ዞረ፤ የትም አልያዘም። ብረቱ ላይ የተቀረጸ የባዕድ ጽሑፍ አለ። ማንበብ አልችልም። ግን የኛን ቸርኬ ሳጥብ ስለኖርኩ የፊደሎቹን መልክ አውቀዋለሁ፤ ያው ራሱ ነው።

ክሩን ከአንጓዬ ፈታሁ። ልጄ አንዱን ጫፍ ያዘ፣ እኔ ቋጠሮውን። አልደረሰም። የስንዴ ፍሬ ያህል አጠረ።

"ድገሙት እስቲ" አሉ ሰውዬው። ደገምነው። ያው ነው።

"እኔ ይገጥማል ባይ ነበርኩ" አሉ ጢማቸውን እየዳበሱ። "ግን ዘመኑ ከተለያየ ይለያያል። ስንዴ ታህል ከሳተ ብሎኑ አይገባም፤ አላታልላችሁም።"

ልጄ ክሩን ለቀቀው። ያኔ ነው ጣቴ ላይ ብርዱ የተሰማኝ። ክሩ ርሷል። ፈትል የምታውቅ ሴት ሁሉ ይኸን ታውቃለች፤ ክር ውኃ ሲነካው ይሰበሰባል። አዲስ ጋቢ በመጀመሪያው እጥበት ስለሚያጥር ነው ሸማኔው አስረዝሞ የሚሠራው። ከሁለቱ ወንዶች ጋቢ ያጠበ የለም። እዚያ ቤት ውስጥ ይኸን የማውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ።

ደስ አለኝ። ሌላ ቃል የለውም። ዝም ብል በቃ፣ ወደ ቤት እንመለሳለን፤ መኪናዋም ድንጋይ ላይ ናት፤ ልጄም ግቢ ውስጥ ነው።

"እንግዲህ እግዚአብሔር አልፈቀደም፣ ልጄ" አልኩ። በፈጣሪ አሳበብኩ።

"ታዲያ አሁን ምን ልትሠራ ነው?" አሉት ሰውዬው።

ልጄ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። "እግር አለኝ፣ አባባ። ለእሱ ቸርኬ አይፈለግለትም።"

ሰውዬው ሳቁ። እሱም ሳቀ። እኔን ግን አላየኝም። ያ ድምፁ ያልተሰማው ጓደኛውም ሊሄድ ሰሞን ቤታችን መጥቶ እንዲሁ እየቀለደ ነበር። ያን ቀን እኔም ስቄ ነበር።

በሩ ላይ ዝናቡ እንደ መጋረጃ ወርዷል። በየት በኩል ላስቀረው እንደምችል አሰብኩ፤ በየትም የለም። ድንጋዮቹ የያዙት መኪናዋን ብቻ ነበር።

"ክሩ ርሷል" አልኩ።

ሁለቱም ዞሩ። ስለ ጋቢው፣ ስለ ሸማኔው ነገርኳቸው። ሰውዬው የጎማ መለጠፊያ የሚያሞቁበት የከሰል ምድጃ ነበራቸው። ክሩን ከበላዩ ዘርግቼ ያዝኩ። ሲደርቅ በሁለት ጣቴ ቀስ እያልኩ ሳብኩት። ያጠረው ክር ልጥጥ ብሎ ተዘረጋ። ለካነው። ቋጠሮው ልክ ጠርዙ ላይ ተቀመጠ።

ልጄ ክሩን ሳይሆን እኔን አየኝ። "መቼ ነው ያወቅሽው?"

"አሁን።"

ሰውዬው ቀና ብለው አዩኝ። እሳቸውም ልጅ ሳይኖራቸው አይቀርም። "አሁን ነው እንጂ! አሁን ነው" አሉና ቸርኬውን ወደ በሩ አንከባለሉት።

ይኸው አሁን መኪናዋ ትሄዳለች። አራቱ ድንጋዮች እዚያው ናቸው። ልጄ አንሺያቸው ይለኛል፤ ዶሮዎቹ ለምደዋቸዋል እለዋለሁ። ጎረቤቴ ደግሞ፣ "ምን ይሠሩልሻል?" ብትለኝ፣ "መጠባበቂያ ናቸው" አልኳት።

ስልክ ሲጠራ ልቤ መውደቁን አልተወም። መንገዱ ተዘጋ ሲሉ ከሰማሁ ቁጭ ብድግ ስል እውላለሁ። ሲመጣ ከመኪናዋ እስኪወርድ አልጠብቅም፤ ሮጬ ጥፍሬን ቸርኬዎቹ ላይ አስኬዳለሁ።

"ትናንት አይተሽው የለም እንዴ፣ እማ?" እያለ ይስቅብኛል።

ቁልቁለቱን ፍሬን ይዞ ስለሚወርድ ብረቱ ይግላል። ስንጥቅ እንደሌለ ካየሁ በኋላም መዳፌን አላነሳም። ግለቱ ቀስ እያለ ሲቀንስ ይሰማኛል። ቀዝቃዛ ሲሆን ነው ዛሬ ቤቱ ገባ ብዬ የማምነው።